ስለታሰረው ካርቡራተራችን

ለክቡር አቶ ሄርሼል ቫንደርቪን
የጥንታዊ ፈጣን መኪኖች ማኅበር ዋና ዳኛ
ሚሺገን

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ነው? የባለቤቴን የኦርቪልን ካርቡራተር በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ እንዳይደክምብዎ ስሰጋ ሰነበትኩ።

አንደኛ፣ ላመስግንዎ። ኦርቪል መኪናዋን በወጣትነቱ አዲስ ገዝቶ፣ ቤንዚንና አየር የሚያዋህደውን ያንን ዕቃ በገዛ እጁ እየፈታ እየጠረገ እስከዛሬ አኑሮታል። እርስዎ ግን በበጋው የመኪና ትርኢት ላይ አንዴ ጎንበስ ብለው፣ «ይሄማ ከፋብሪካ የወጣ አይመስልም» አሉና ሐሰተኛ ነው ብለው ፈረዱ። ወይ ጉድ! እኛ ሞኞቹ ዕቃ ሲኖር ያረጃል ብለን ነበር። ዋንጫው ለጎረቤታችን ለዱዌይን መሰጠቱም ደግ ነው፤ የእሱ ካርቡራተር ባለፈው ዓመት ተመሳስሎ የተሠራ ስለሆነ አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

ሁለተኛ፣ የእኛን ለምርመራ ብለው ፈትተው ስለወሰዱልን እጅ እነሳለሁ። በደወልኩ ቁጥር ጸሐፊዎ በጨዋ አንደበት፣ «ወይዘሮ ዊልማ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰልችቷቸው አያውቅም።

ሦስተኛውን እንዴት በአክብሮት እንደምጽፈው አላውቅም። የኦርቪል ሳንባ አልቋል። ሐኪሞቹ ወደ ቤት የመለሱት አልጋው ላይ እንዲሞት ነው፤ እሱም ያውቀዋል። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ስትነሳ በመስኮት መስማት። ዱዌይን አፍሮ የራሱን ካርቡራተር አምጥቶ ገጠመና አስነሳልን። ኦርቪል ጥቂት አዳምጦ፣ «አጥፋው ወንድሜ፤ ይሄ የሰው ሳል ነው፤ የኔዋ እንዲህ አትስልም» አለው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዱዌይን ዕቃውን ፈትቶ ይዞ ሄደ፤ እኔ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሐሰተኛም ቢሆን ያንኑ ሐሰተኛችንን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውሱን። ስንጨርስ መልሰው ያስሩት።

ለፍርድዎ ጥራት ቃል ያጠራት፣ በማጭበርበር የተጠረጠረችው ትሑት አገልጋይዎ፣
ዊልማ ድሩከር፣ ከፍሊንት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ወደ ከተማችን ጋዜጣ ልልክ ስል፣ ቤት እየመጣች የምታስታምመው ነርስ ኦርቪልን አየችው። ብንጠራውም ብናጨበጭብለትም ከእንግዲህ አይሰማም ብላኛለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእኛ ምክንያት ምርመራውን አያጣድፉት።