ከምንጫችን ራስጌ ስላስቆፈሩት መጸዳጃ ቤት

ለክቡር የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ከረሙ? እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልዎ፤ መቼም የጤና አዳዩ እርስዎ ነዎትና ለራስዎ ሳያስቀሩ አይቀሩም።

እኔ ከጋፋት ማዶ ባለችው ጎጥ የምኖር ጥላዬ ውቤ የተባልኩ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ በማንም አላስጻፍኩም፣ በገዛ እጄ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጋራ መጸዳጃ ቤቱ እናመሰግናለን። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለጎብኚ ደምቆ እንዲታይ ብለው ጉድጓዱን ከምንጫችን ራስጌ አስቆፈሩልን። ባለቤቴ ጌጤ፣ ኧረ ጌታዬ ውሃው ቁልቁል ነው የሚወርደው ብትልዎ፣ «እናቴ፣ በባለሙያ የተጠና ነው» ብለው አሳረፏት።

ሁለተኛ፣ ክረምት ሲገባ ጌጤን ተቅማጥና ትውከት ጣላት። መኪና እንዲልኩልኝ ብለምን መኪናው ስብሰባ ሄዷል ተባልኩ፤ ምክርዎ ግን በስልክ ደረሰኝ፤ ውሃ አብዝተው ያጠጧት አሉኝ። አጠጣኋት። ከዚያው ምንጭ እየቀዳሁ፣ ራሷን በክንዴ ደግፌ፣ እሷ ስትለምን እኔ ስሰጥ፣ እስክትሞት ድረስ አጠጣኋት። ትእዛዝዎ አንድም ሳይጓደል ተፈጽሟልና ደስ ይበልዎ።

ሦስተኛው ቅሬታም አይደለም። ጀሪካኑን ባጋደልኩ ቁጥር ድምጿን እሰማለሁ። ትንሽ ጨምርልኝ ትለኛለች። እኔም እጨምርና ውሃውን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ፤ ለማን እንደምዘረጋው እንጃ። ቄሱ ጸበል ቢረጩልኝም አልተወችኝም። ሪፖርትዎ ላይ ለእንዲህ ያለው ቦታ ካለ ያስገቡልኝ።

አራተኛ፣ ምራቴ ዝናሽ ሆዷ ገፍቷል። ሌላ ውሃ የለንምና የምትጠጣው ያንኑ ነው። ጉድጓዱን እንድፈነው፣ ውሃውም ይመርመርልን ብንል፣ እርስዎ፣ ቀበሌው ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ንጹሕ ነው ተብሎ ነጩ ባንዲራ እስኪሰቀል ምንም እንዳይነካ ብለዋል። ለዝናሽ ነግሬያታለሁ፤ ባንዲራው እስኪደርስ እንዳትጠማ።

ጉልበቴ መታጠፍ ቢያቅተውም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለድካምዎ ሁሉ እጅ የምነሳ፣

ጥላዬ ውቤ
የጌጤ ባል

ማስታወሻ፦ ባንዲራውን ሊሰቅሉ ሲመጡ የታሸገ ውሃ ጭነው እንዳይቸገሩ። ምንጩ ዳር ቀድቼ እጠብቅዎታለሁ። በአገራችን ወግ ቀድሞ የሚቀምሰው አቅራቢው ነው፤ ይህን ውሃ ያቀረቡልን እርስዎ ነዎትና፣ ዝናሽ ሳትጠጣ ይቅመሱላት።