የባለቤቴን ዓይን ሳያዩ ስለመቱለት ማኅተም

ለተከበሩ የዓይን ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ሁለቱም ዓይኖችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ የምኖር መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ቢያዝን ደግሞ ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ መካነ ብርሃን ሰው የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ እርስዎ ዘንድ ስለተመረመረ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ተራ ስንጠብቅ በሩ ክፍት ስለነበር፣ ከፊታችን የገቡት ሁሉ የግድግዳውን ምልክቶች «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች» እያሉ ሲያነቡ ሰማን። ቢያዝን በቃሉ ያዘው። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

፪. «አንድ አንድ ዓይኑን እየሸፈኑ አያዩለትም?» ብዬ ብጠይቅ፣ መርማሪዎ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ምነው እቴ፣ ሸጋ አድርጎ አነበበ እኮ!» ብለው ማኅተሙን መቱ። ጠብታ የለ፣ መብራት የለ። ለፍጥነታቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የባለቤቴ ቀኝ ዓይን ግን ከጨለመ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

፫. ባለፈው ሳምንት ደባርቅ መውጫ ላይ፣ በቀኝ በኩል ትሄድ የነበረች የተጫነች በቅሎ ገጨ። ጌታዋ ልጓሙን እንደጨበጡ ቆመው ቀሩ። ቢያዝን ወርዶ ሲያያት ያለው «ከየት መጣች?» ብቻ ነው። መንዳቱን እንዲተው ስለምነው ወረቀትዎን አውጥቶ «መንግሥት ታያለህ ያለኝን አንቺ አታይም ትይኛለሽ?» አለኝ።

፬. እንደገና ይመርመርልኝ ብዬ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ «በጥሩ ውጤት ላይ አቤቱታ አንቀበልም» ብለው በትሕትና ሸኙኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ እውነቱን ለተሳፋሪዎቹ ነገርኋቸው። አንድ አዛውንት «ወረቀት አለው?» ሲሉ ጠየቁ። ቢያዝን ፊቱን ከእኔ አዙሮ አሳያቸው። አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን አስቀድመው ተሳፈሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወደ ደባርቅ በኩል ሰማዩ በጉም ተዘግቶ ነበር። ይህን ስጽፍ ስልኩ አይነሳም።

መሥሪያ ቤትዎ በሰጠን እምነት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ የማይከደን፣
አክባሪዎ
ፅዮን ምንዳዬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው ቢያዝን ደወለ፤ በሰላም ገብቷል። እሑድ የልጅዎን የሠርግ እንግዶች ወደ መካነ ብርሃን እንዲያደርስ እርስዎ ራስዎ እንደመረጡት በኩራት ነገረኝ። እንኳን ደስ አለዎ።