«ቀጥል» የሚለውን ብቻ ይጫኑ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። የምጠይቅህ አባባ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለው ስላሳደጉን ነው እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። እንዴት ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይስማማሃል? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ዛሬ ደህና ናቸው። ከዛሬ በፊት እንዴት እንደነበሩ ወደ ታች ስታነብ ታገኘዋለህ፤ መሃል ላይ እንዳታጥፈው። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ስልክህን ከዘጋህ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። በመሃል አንድ መልእክት ልከሃል፤ «ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው» የምትል። ስለዚህ ያን ሐሙስ ምን ጥለህብን እንደሄድክ የነገረህ የለም። እኔ ልንገርህ።

ከሥራ የተመለስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሩን ስከፍት አባባ ሶፋውን ትተው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለችው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ነው። ጠዋት ከድኜላቸው የሄድኩት ምሳ እንደተከደነ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ፣ አናቱ ላይ አንዲት መስመር ነጭ ጽሑፍ ተገትራለች። «ምነው አባባ?» ስላቸው «እንዳይጠፋ ጠብቅ ተብዬ ነው» አሉኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ! በዚያ ሁሉ ሰዓት ሽንት ቤት የሄዱት አንዴ ነው፤ እሱንም እንደ ጥፋት ነው የነገሩኝ።

ነገሩን ያወጣሁት በልመና ነው፤ ታውቃቸዋለህ፣ አንተ ላይ ክፉ መናገር አይሆንላቸውም። እኔ ቤት የሌለሁበትን ሰዓት ጠብቀህ ደወልክ። የኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አርጅቷል፣ የሠራው ድርጅት ድጋፍ አቁሟል፣ ወደ አዲሱ ካልተሻሻለ ሌባ ሊገባበት ይችላል አልካቸው። «ገብቶ ምን ይሰርቃል? የደረደርኩትን ጡብ ነው?» አሉህ። አልሳቅክም አሉ። «እሷ ትምጣና እናድርገው» ሲሉህ «እሷ ምን ታውቃለች አባባ! እኔ ከዚህ ሆኜ እገባበታለሁ፤ እርስዎ ‹ቀጥል› የሚለውን ብቻ ይጫኑ» አልካቸው። ሦስት ጊዜ አስጫንካቸው። ስልሳ ሁለት በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል፣ «ራሱ ይጨርሳል፣ ብቻ እንዳይጠፋ፣ እኔ ስብሰባ አለብኝ» ብለህ ስልኩን ዘጋህ። በቃ። ከዚያ በኋላ አንተም ስልክህም የላችሁም።

ለሌላ ቤት ያ ኮምፒውተር መጫወቻ ነው። ለኛ ቤት ምን እንደሆነ የረሳኸው ስለሚመስለኝ ላስታውስህ። አባባ በኮንቴይነር ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ነድተው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሟ ጣቶቻቸውን እንዲያሠሩበት የሰጠቻቸውን የላስቲክ ኳስ በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር አገኘሁት። «የሕፃን ዕቃ» አሉ። ያኔ ነው አንተ ከቢሮህ የተጣለውን ኮምፒውተር አምጥተህ፣ በልጅነታችን የተጣላንባቸውን የድሮ የጌም ማሽኖች የሚያስመስለውን፣ ኢሙሌተር የምትለውን ፕሮግራም ጭነህ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘኸው። የተሰበረውን የፋን ክዳን በሻይ ማጥለያ ወንፊት ተክተህ በሽቦ ስታስር አጠገብህ ሆኜ መብራት ይዤልሃለሁ። አልክድህም፤ ያን ጊዜ ወንድም ነበርክ።

አባባ የወደዱት ከላይ የሚወርደውን ጡብ መደርደሩን ነው። «ማነው እላይ ሆኖ እንዲህ የሚለቀው? ምልክት ሰጪ የለውም እንዴ?» እያሉ ከስክሪኑ ጋር ይጣሉ ነበር። አንተ ውጭ አገር ብለህ በተሰናበትከን በአምስተኛው ወር የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያለ ማንም እርዳታ ቆለፉ። ያን ቀን አምስት ጊዜ ፈተው ቆልፈው አሳዩኝ። በስልክ ስነግርህ አልቅሰሃል፤ ሰምቼሃለሁ። አርባ አንደኛው ደረጃ ደርሰው ነበር፣ ወንድሜ። አርባ አንድ! እያንዳንዱን ደረጃ በታመመው እጃቸው በደብተር እየጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ የመጨረሻው ግን የሚነበብ ቁጥር ነው።

ያ ሁሉ በአንድ ረፋድ ጠፋ።

እሱም ይሁን። ዕቃ ይበላሻል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን አባባ ስልካቸውን ይዘው ጓዳ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁ። የድምፅ መልእክት እየላኩልህ ነበር። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ትተህልኝ የሄድከውን ዕቃ አበላሸሁብህ፤ ጣቴ ሳላዘው ሌላ ነገር ነክቶ ይሆናል» አሉህ። ሰማኸው? መልእክቱ መደመጡን ስልኩ ያሳያል፤ ዋሽተህ አትክደኝም። ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ሰው አንተ ላጠፋኸው ይቅርታ ለመኑህ፤ አንተ ደግሞ «አይደለም አባባ፣ እኔ ነኝ» የምትል አራት ቃል ከየት ታምጣ!

ከዚያ በኋላ እጃቸው ወደ ኋላ ሄደ። የላስቲክ ኳሱን አምጥቼ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ለቁርስ ሲመጡ ሸሚዛቸው እስከ እምብርታቸው ክፍት ነው። ዓይናቸውን አላነሱም። ሄጄ ስቆልፍላቸው «ሙቀት ነው» አሉኝ፤ ውጪ እየዘነበ።

እሷ ምን ታውቃለች አልክ አይደል? እሷ ቀኑን ሙሉ በመነጽር ቤት የዓይን መስታወት ስትሞርድ፣ ሩዝ የማታህል ብሎን ስትፈታ ስትገጥም ትውላለች። ቅዳሜ ዕለት ኮምፒውተሩን ነቃቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ ታቅፌው ሄድኩ። መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ያሉት ሁለት ሱቆች «ይሄማ ቆርቆሮ ነው፣ አዲስ ግዢ» አሉኝ። ሦስተኛው ራቅ ያለ ነው፤ የድሮ ዕቃ የሚጠግን ሰው አለ ተብዬ ነው የሄድኩት። ጠጋኟ ሴት ናት፤ ጣቶቿ በብየዳ የጠቆሩ፣ ስትናገር ሰው የማታይ። ፎጣውን ስገልጠው ግን ቀና አለችና ሳቀች። «አሃ፣ ባለወንፊቱ! በመጨረሻ መጣ?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ወንድምሽ ባለፈው ማክሰኞ መጥቶ፣ ሲስተም ሲሻሻል መሃል ላይ ከቆመ ፋይሉ ይተርፋል ወይ ብሎ ጠይቆኛል» አለች። አምጣውና ልየው ስትለው እጄ ላይ የለም፣ እህቴ ዘንድ ነው አላት። ወንፊቱን ሲነግራት ስቃ ስለነበር አልረሳችውም። «በስልክ ነው የጠየቀሽ?» አልኳት። «የምን ስልክ? አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ ነዋ! በምሳ ሰዓቱ፣ የማዶውን መጋዘን ሰማያዊ ቱታ እንደለበሰ» አለችኝ። ከዚያም ብየዳዋን እያሞቀች፣ «ከጎማ ቤቱ ጀርባ አይደል እንዴ ክፍሉ? እዚሁ ሆኖ ለምን አብሮሽ አልመጣም?» አለች።

«ሥራ ይበዛበታል» አልኳት። ለሰው ፊት ስል ዋሸሁልህ። ያች የመጨረሻዋ ናት።

እሷ ስትሠራ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ኤርፖርት አትምጡ፣ አልቅሳችሁ ታስለቅሱኛላችሁ» ብለህ ከደጅ የተሰናበትከንን አሰብኩ። «ካሜራው ተበላሽቷል» የምትለውን። እሁድ እሁድ «እዚህ ብርዱ አይጣል ነው» ስትላቸው አባባ «ሹራብ ደርብ» እያሉ የሚጨነቁትን። ሄደህ ተመልሰህ ይሁን ወይም ከመጀመሪያውም ሳትሄድ ቀርተህ ይሁን አላውቅም፤ አልጠይቅህምም። ቱታ መልበስህም አይደለም ያናደደኝ። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ለብሰው አሳደጉን? ሱፍ ነበር? እሳቸው ፊት በቱታ መቆም የሚያሳፍርህ ከሆነ፣ ያፈርከው በራስህ ሳይሆን በእሳቸው ነው። ይሄን ይቅር የምልበት አንጀት ዛሬ የለኝም።

የሰው ጥረት ላለመካድ አንድ ነገር ልመንልህ፤ ሄደህ ጠይቀሃል። ግን ጠይቀህ ምን አደረግክ? «አምጣው» ተባልክ፤ አላመጣህም። እኛ ቤት ድረስ የሚያስኬድህ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከሱቁ ስመለስ ቆጥሬዋለሁ፤ አልጽፍልህም፣ አንተም ታውቀዋለህ።

ጠጋኟ ዲስኩን አውጥታ የቀረውን ፋይል ቀዳችልኝ። ጨዋታዎቹ ተርፈዋል፤ የአባባ አርባ አንድ ደረጃ ግን አልተረፈም። አዲሱን ሲስተም ከሥሩ ጀምራ ጫነች። የድሮው ኢሙሌተር በአዲሱ ላይ አልሠራም ስላለ፣ አዲስ እንዴት እንደሚጫን ደረጃ በደረጃ አስጻፈችኝና «ቤትሽ ሄደሽ ራስሽ ጨርሺው፣ ሌላ ጊዜ ሰው እንዳትለምኚ» አለችኝ። ወደድኳት። እሁድን ሙሉ ታገልኩት። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ስክሪኑ ተገለበጠ። የመጫወቻውን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ፤ አሥር ቁልፍ አንድ በአንድ እየጫንኩ አስተማርኩት። አባባ ከሶፋው ሆነው «ተይው ልጄ፣ ይደክምሻል» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አይነሳም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጡብ ወረደ።

ደረጃው መጥፋቱን እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ ቁጥር አንድ የሚለውን ራሳቸው አዩት። ከዚያ ደብተሩን አስመጡኝና አዲስ ገጽ ገልጠው «አንድ» ብለው ጻፉ። ጽሑፉ እንደገና ዶሮ የጫረው ሆኗል። ትናንት ስድስት ደርሰዋል። ከላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ይቆለፋሉ፤ ሦስተኛው ገና ነው።

አሁን ስማኝ። ከሩቅ የምትገባበትን ፕሮግራም አልጫንኩትም። የይለፍ ቃሉንም ቀይሬዋለሁ፤ አባባ የማያውቁትን፣ አንተም የማትገምተውን። ከእንግዲህ በመስመር ገብቶ «ቀጥል» ማስባል የለም። የሚገባ በበሩ ይግባ። ብትመጣ እቅፍ አድርጌ የምቀበልህ እንዳይመስልህ። በሩን ከፍቼ ወደ ሥራዬ ነው የምመለሰው። ለአባባ ግን ትናገራለህ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ትላቸዋለህ፣ ፊታቸው ቆመህ፣ በዚያው ቱታህ። ስለ ሌላው የፈለግከውን ንገራቸው። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ሸክሙ ያንተ ነው።

እስከዚህ ጽፌ ልዘጋው ነበር። አባባ ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ለወንድሜ አልኳቸው። ምንም እንዳይጠረጥሩ ብዬ ተነስቼ ከመሳቢያው ውስጥ የውጭ አገር ቴምብር መፈለግ ጀመርኩ፤ ስፈልግ እንዲያዩኝ። ጨዋታውን አላቆሙም። አንድ ጡብ አዙረው ቦታው ላይ አሳረፉና፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ቴምብሩን ተዪው ልጄ፤ ለዚያች መንገድ ምን ይሠራል» አሉኝ።

መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ አልጠየቅኳቸውም። የሚቀጥለውን ጡብ እያዞሩ «ከኔም መርቂልኝ» አሉ። የተባልኩትን ሳላጎድል እነሆ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የለፋህበትን እህል በጤና ያብላህ፣ ከሰው እኩል ያቁምህ።

ይህ የእሳቸው ነው። የኔን ምርቃት ስትመጣ እናየዋለን።

ታናሽ እህትህ