የተሸሸገችው ነጭ ኳስ

ወረታ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልጠግብሽ እታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ሳል ለቀቃት? ውሃው ከማሳችሁ ሸሸ ወይስ እስካሁን ጭቃ ለጭቃ ነው የምትሄዱት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤ ግን ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ ፈርቻለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢበላሽ ይቅር በይኝ። ደብዳቤውን ማንም እንዳያነብልሽ፤ ራስሽ አንብቢው። አባታችን ፊደል ያስቆጠሩሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ባልሽ ጋሼ ደሳለው ለምን እንደታሰረ ሰው ሁሉ የየራሱን ነግሮሻል አሉ። በጨዋታ አጭበርብሮ ነው ያሉሽ ዋሽተውሻል። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቀበሌው ክበብ ውስጥ ከተወረሰ ቤት የመጣ የስኑከር ጠረጴዛ አለ፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው። ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንባቢውም እኔ፣ ዳኛውም እኔ ሆንኩ። ሕጉ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ጠመዝማዛ ነው። በዱላው የምትመታው ነጯ ኳስ ብቻ ናት። እሷ ሄዳ አስቀድማ ቀይ ኳስ መንካት አለባት፤ ሌላ ከነካች ወይም ምንም ሳትነካ ከቀረች ፋውል ነው። እጅጌሽ እንኳ ኳስ ቢነካ ፋውል ነው። ደግሞ የሚገርምሽ፣ ያጠፋው ሰው ነጥብ አይቀነስበትም፤ ለባላጋራው አራት ይጨመርለታል እንጂ። ባላጋራው ከፈለገም ያጠፋውን ሰው እንደገና ምታ ማለት ይችላል።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጋሼ ደሳለው ከሊቀመንበራችን ከጓድ አዛናው ጋር ገጠመ። ክበቡ ሰው በሰው ነበር። ባልሽን ታውቂው የለ፣ ጨዋታ ላይ ቀልዱ አይጣል ነው። ነጯን ገፋ አድርጎ ከጥቁሯ ኳስ ጀርባ ሸሸጋት። ጓድ አዛናው በየት በኩል ቢያጎነብስ ቀዩ አልታይ አለው። መታ፣ ሳተ፤ አራት። ጋሼ ደሳለው እየሳቀ፣ ጓድ፣ ይድገሙት እንጂ አለው። ደገመ፣ ሳተ፤ ስምንት። ሦስተኛውን ሲስት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ምነው ያን ሳቅ ባልሰማሁት! እኔም ስቄያለሁ እኮ፣ እታለም።

ጓድ አዛናው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ኳስ መሸሸግ ተፈቅዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ተፈቅዷል። እንዲያውም የጨዋታው ዋና ብልሃት እሱ ነው፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ ሳይ ግን ምላሴ ከዳኝ፤ ፋውል ነው አልኩ። ጋሼ ደሳለው ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር፤ ያዘነልኝ ነው የሚመስለው። ጓድ አዛናው ወዲያው፣ ይህ ሰው በሕዝብ ፊት አሻጥር ሠርቷል፣ የመንግሥትን የከብት ክትባት ሥራም የሚሠራው እንዲሁ በአሻጥር ነው ብሎ ቀበሌው እስር ቤት አስገባው።

ቤቴ ገብቼ የሕጉን መጽሐፍ ገለጥኩ። አባታችን አንዱን ቃል አንድም፣ አንድም እያሉ ሲተረጉሙ ከእግራቸው ሥር አይደል ያደግነው? እኔም ምናልባት ሌላ አንድምታ ይኖረው ይሆናል ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ አገላበጥኩት። ራሴን ነጻ ላወጣ ነበር። የለውም። መሸሸግ ፋውል አይደለም፣ በቃ።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ትናንት ጓድ አዛናው አስጠርቶኝ፣ ሐሙስ ከአውራጃ መርማሪ ስለሚመጣ ሕጉን በአማርኛ ተርጉመህ፣ ፈርመህ አምጣ አለኝ። ምን ብዬ እንደምተረጉም አልነገረኝም። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ አንተ ብልህ ልጅ ነህ፣ ብቻ አለኝ። በዚያች ወረቀት ጋሼ ደሳለውን ወደ አውራጃ ሊሰዱት ነው። ከዚያ የተመለሰ ሰው አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። የጫማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ኩራዜን እፍ ብዬ አጠፋለሁ። ሁለት ወረቀት ጻፍኩ፤ አንዱ ፋውል ነው የሚል፣ አንዱ አይደለም የሚል። ፋውል ነው የሚለውን ስፈርም እጄ ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም ብልሽ ታምኛለሽ? ያን ጊዜ ከጓድ አዛናው ይልቅ ራሴን ፈራሁ። ቀደድኩት። ሌላውን እየተንቀጠቀጥኩ ፈረምኩ።

ግልባጩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፏል። መጽሐፉንም ጎረቤትሽ አማከለች ከጨው ከረጢቷ ሥር ይዛልሻለች፤ ገጹን አጥፌልሻለሁ። ሐሙስ ማለዳ መጥተሽ፣ ሰው ባለበት፣ ለመርማሪው በእጁ ስጪው። የኔ ወረቀት ቢጠፋ ያንቺ ይኖራል። አማከለችን ሸኝቼ አሁኑኑ የፈረምኩትን ይዤ ወደ ቀበሌ እሄዳለሁ፤ እስከ ሐሙስ ከቆየሁ ልቤ ይከዳኛል።

ይቅር በይኝ፣ እታለም። ልጆቹን ሳሚልኝ። የአባታችን ጸሎት ጥላ ይሁንሽ፤ እመብርሃን ቤትሽን አትለየው፤ የደጅሽን ከብት፣ የማሳሽን ቡቃያ ትባርክልሽ።

አንዲት ነገር ብቻ። ሐሙስ ስንቅ ስትቋጥሪ የሁለት ሰው አድርጊው። በአንደኛው ላይ በርበሬ እንዳታበዢ፤ ጨጓራዬን ታውቂው የለ።

አዝለሽ ያሳደግሽው
ወንድምሽ