የእማዬ ፒያኖና የተጎታቹ ፍሬን

ይድረስ ለወንድሜ ለቨርሊን፤

እንዴት ሰነበትክ? እዚህ ሞንታና በረዶው ቀልጦ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል እንጂ እኔም አባዬም ደህና ነን። አባዬ አሁን አሁን ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል እያለ ይነጫነጫል።

የእማዬን ፒያኖ በተጎታች ጭኖ ተራራውን አቋርጦ ሊያመጣልህ ነው። የተጎታቹን ፍሬን ራሱ ሠራው፤ አይጥ የበላውን ሽቦ ቀየረ፣ የዛገውንም ሞርዶ አሰረ። እጁ እንደ ድሮው ነው።

ትናንት ልንፈትሸው ወጣን። መቼም ታውቀዋለህ፤ አንዱ መኪናው ውስጥ ሆኖ የፍሬኑን መጫኛ ይጫናል፣ ሌላው ጆሮውን ጎማው ላይ ለጥፎ፣ ኤሌክትሪኩ ሲደርሰው በውስጡ ያለው የፍሬኑ ማግኔት እዝዝ ማለቱን ያዳምጣል። እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ፤ እሱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"ማርሊስ! ኧረ የንብ ቀፎ በይው!" አለኝ።

እጄ ገና መጫኛውን አልነካም ነበር።

"የወዲያኛውስ?" ብዬ ጮህኩለት።

ዞሮ ተንበረከከ። "እሱማ ይብሳል!"

"ጎሽ አባዬ" አልኩት። ከዚያ ገብተን የድንች ሾርባ በላን።

አንተ ፒያኖ መምታት እንደማትችል ነግሬው ነበር። "ይማራላ፣ ምን ሥራ አለው!" አለ። ያቺን የተራራውን ቁልቁለት ግን አንተም ታውቃታለህ።

ጉንጩን ሳሚልኝ ብሏል፤ እኔም ስሜሃለሁ። ይልቅ የቤትህን በር ለካና ቶሎ ለእሱ ጻፍለት። የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ጠባብ ነው በል።

እህትህ ማርሊስ