ለዓለምሰገድ የሚመልስለት

ጥበቡ፣

ይህን የምጽፍልህ አምና ናዳ ወንድሜን ከወሰደበት፣ ከጌጫ በታች ካለው የቡና እርሻ ነው። መቀመጥ አቅቶኝ በቁሜ እጽፋለሁ። እኛ በአማን ከተማ ለሙት ዓመት ድንኳን ጥለን እናለቅሳለን፤ እዚህ ግን ሦስት ቀን፣ ጠዋት ከለቀማ በፊት፣ የሞቱትንም ስም ከለቃሚዎቹ ስም ጋር ይጠራሉ። ለሞተው የሚመልስለት ዘመዱ ነው። ዛሬ «ዓለምሰገድ!» ሲሉ ድምፄ ጠፋ። ከናዳው የተረፈው ኑዕማን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ወንድምህ እንደሆነ ለጥሪ አርፍዶ አያውቅም!»

እሱው «አለ!» ብሎ ጮኸልኝ።

ነገም ይጠራል። እኔው ሳልመልስለት አልመለስም። ወረቀቱ አለቀብኝ፤ እማዬን ሳምልኝ። ሰኞ ክፍላችን ውስጥ ስሜ ሲጠራ ደግሞ አንተ «አለ» በልልኝ።

ይበልጣል