ለኦጂብዌ ወጣቶች የተዘጋው አዳራሽ እንዲከፈት

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጎህ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ እሸቴ
ሴንት ፖል

ጉዳዩ፦ የኦጂብዌ ወጣቶች የቅዳሜ ከበሮና የቋንቋ ትምህርት ወደ አዳራሹ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የፍሪድሊ ነዋሪና የማኅበሩ አባል ስሆን አቤቱታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ልጄ ሮዳስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዊንተር ድብርት ያዛትና ትምህርት ቤት ቀረች፤ ክፍሏን ዘግታ ትውል ነበር። ሕክምናው ረድቷታል። ከሰው መልሳ ያገናኘቻት ግን የክፍል ጓደኛዋ ኬይላ ናት። ኬይላ ኦጂብዌ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናት፤ እኛ በእንግድነት የምንኖርበት አገር ባለቤት ማለት ነው። እሷም በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ አክስቷ የወገኖቿን ዘፈንና ቋንቋ ያስተምሯት ጀመር፤ ሌሎች ልጆችም ተጨመሩ። ማኅበራችንም ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ፈቀደላቸው። ለዚህ እግዜር ይስጥልን።

2. ሮዳስም ልታይ ሄደች። ኬይላ ሰው ሲከፋው በቋንቋቸው ምን እንደሚል ነግራት “በእናንተስ?” ብትላት ልጄ ጥያቄውን ይዛ መጣች። ቤት ገብታ “ማሚ፣ ሃው ዱ ዊ ሴይ ኢት?” አለችኝ። “ከፋኝ ነው የሚባለው” አልኳት። “ከፋኝ” አለችና አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ምን ሆነሽ ስላት መልሷ “አይም ፋይን” ብቻ ነበር።

3. በመስከረም ኮሚቴው “ከበሮው ስብሰባ ይረብሻል” ብሎ አዳራሹን ዘጋባቸው። ክቡር ሊቀመንበር፣ በየሠርጋችን ስፒከራችን ጎረቤት ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ እንደሚጮኽ እርስዎም አይጠፋዎትም። ለውሳኔው ቀድሞ እጁን ያወጣው የኮሚቴ አባል ባለቤቴ አቶ ዋለ መሆኑንም በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

4. ልጆቹ አሁን የሚገናኙት በእኛ ጋራዥ ነው። አቶ ዋለ ከበሮውና ወንበሩ ቦታውን ስለያዘበት መኪናውን ውጭ እያሳደረ፣ ጠዋት ጠዋት በረዶ እየፋቀ ሥራ ይሄዳል። ቅዳሜ ግን ጥግ ይዞ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ፤ ምቱን ይስታል እንጂ። ጋራዡ ማሞቂያ የለውም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ብርዱ ሲብስ ሌሎቹም እንዳይቀሩ፣ ልጄም በሯን መልሳ እንዳትዘጋ እሰጋለሁ።

ስለዚህ አዳራሹ እንዲከፈትላቸው እለምናለሁ። አይተው መወሰን ከፈለጉ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዣችን ብቅ ይበሉ። ኬይላ በር ላይ “እንደምን ዋሉ” ብላ ትቀበልዎታለች፤ የእኛን ልጆች “ሃይ” የለመደው ጆሮዎ እንዳይደነግጥ። ደግሞ ጃኬትዎን አያውልቁ።

መልካም ምላሽዎን በተስፋ በመጠበቅ፣ ከሰላምታ ጋር
ባየሽ አለልኝ
(ፊርማ)